ማማ የፈረሰበት ማሽላ

ይህን የምጽፈው ደሴ ከተመለስሁ በኋላ፣ ክርኔን የስፌት ማሽኔ ላይ አስደግፌ ነው። ቆቦን ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማትሄዱበት ሰዎች ነው የምጽፈው። ንዴቴ ይበርድ እንደሆነ ብዬ ብዙ ቀን ጠበቅሁ፤ አልበረደም። እንግዲህ ከነንዴቴ አንብቡኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ ከቆቦ በስተምሥራቅ ባለው ቆላ ያርሳል። «እታለም፣ ወፍ ገብቷል። ሰው የለኝም፤ ከቻልሽ ነይ» አለኝ። አያ ሞላ በዕድሜው ነይ ብሎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚለኝ «ደኅና ነን» ነው፤ ታሞ ተኝቶ እንኳ ደኅና ነን ነው የሚለው። ስለዚህ ነገሩ የከፋ እንደሆነ ገባኝ።

ወፍ ሲል ግሪሳን ነው። ማሽላው ወተት ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና መጥቶ ያርፍበታል፤ ሲነሣ ዛላው ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ የራያ ገበሬ በማሳው መካከል በእንጨት ከፍ አድርጎ ማማ ይሠራና እዚያ ላይ ቆሞ ከንጋት እስከ ማታ ወንጭፍ ይወነጭፋል፣ ጅራፍ ያጮሃል። ልጅ ሆኜ የራያ መከር ማለት ለእኔ ከየማማው የሚሰማው ጩኸት ነበር።

የአያ ሞላ ማሽላ ደግሞ ተራ ማሽላ አይደለም። ጅጉርቲ የሚባለው ዘር ነው፤ አባታችን ከአባቱ የተቀበለው። በጦርነቱ ጊዜ ቤቱ ሲዘረፍ የዘር ጎተራውም ተገልብጦ ተወሰደ። አያ ሞላ ከስደት ሲመለስ ከወለሉ ስንጥቅ በጣቱ እየለቀመ አንድ ጭብጥ አገኘ። ያንን ዘራ፤ ያፈራውን ሳይበላ መልሶ ዘራ። ዘንድሮ አንድ ፍሬ ሳያስቀር ሁሉንም ዘርቶት ሙሉ ማሳ ሆነለት። በማሳው ላይ ከበሰለ ዘር አለን፤ ካልበሰለ የለንም። የሄድሁት ለዚህ ነው።

ማክሰኞ

ደሴ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና ነበር። እኛ ደሴዎች በእውነቱ ሰማይ የለንም፤ ያለን ጉም ነው። ጋቢዬን ደርቤ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሲዲ ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ስለ ሲዲው ልንገራችሁ። ከሱቄ ጎን የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ጎረቤት ነበረኝ። ሥራውን ሲዘጋ ማንም ያልወሰደውን የሠርግ ሲዲ ሁሉ እኔ ዘንድ ጥሎት ሄደ። የሚያብረቀርቅ ነገር ወፍ ያባርራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እንደ ትልቅ ብልኃት ይዤው ተነሣሁ። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር። ይህን ኩራቴን አስታውሱት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን አልፈን ወልድያ ስንደርስ ጋቢውን አወለቅሁ። ከወልድያ ወጣ ብሎ ባለው ኬላ አንድ ወታደር ማዳበሪያዬን ከፍቶ ግራ ተጋባ።

«ምንድን ነው? ፊልም ነው?»

«ለወፍ ነው» አልሁት።

«ወፍ ፊልም ያያል እንዴ?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ ወታደሩም ሳቀ፤ አሳለፈን። ያ ሳቅ አሁን ትዝ ሲለኝ ይመረኛል።

ጎብዬ ላይ ጎማችን ፈነዳ። ሹፌሩ መለወጫ ጎማ ነው ብሎ የያዘው ራሱ የተበሳ ሆኖ ተገኘ፤ እስኪጠገን ሦስት ሰዓት ቆምን። ሻይ ቤት ያላት አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ አስቀምጣን ውኃ አቀረበችልን። የምሄድበትን ብነግራት ፓፓያ ቆርጣ እየሰጠችኝ «ሜዳ ላይ አትቁሚ፣ እኅቴ። ጥንዚዛዋ ስትመጣ ዛፍ ሥር ግቢ» አለችኝ። ጥንዚዛ ያለችው ምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የፓፓያውንም ዋጋ አልቀበል አለችኝ። ደሴ ቢሆን ሦስት ሰዓት ሙሉ በረንዳ የያዘ ሰው በነገር ይባረራል።

ሮቢትን አልፈን ቆቦ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራት። አልጋ የያዝሁበት ቤት ባለቤት ስሜን ስትሰማ «የሞላ እኅት ነሽ?» ብላ የግል ክፍሏን ለቀቀችልኝ። ማሽላ እንጀራ በሽሮ በላሁ። ይህን እንጀራ ደሴ ላይ ማንም አይጋግርልኝም።

ረቡዕ

ጠዋት በባጃጅ እስከ መንገዱ ማለቂያ፣ ከዚያ በእግር ሄድሁ። የዞብል ተራሮች ከፊቴ፣ በግራና በቀኝ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ማሽላ። ሰማዩ ጠርዝ የለውም። ደሴ ላይ ቀና የሚል ሰው የሚያየው የጎረቤቱን ቆርቆሮ ነው፤ እዚህ ቀና ስትሉ ሰማዩ ይውጣችኋል። ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ጩኸት የለም። ጅራፍ አይጮህም፤ ወንጭፍ አያፏጭም። የሚሰማው የወፍ ጫጫታ ብቻ ነበር።

አያ ሞላን በማሳው ዳር አገኘሁት፤ ሚስቱ ዘነቡ አጠገቡ ቆማ ቆርቆሮ ታንኳኳለች። ማማው ፈርሶ እንጨቱ እንደ ማገዶ ተከምሯል።

«ምነው አያ፣ ወደቀ እንዴ?»

«አፍርስ አሉኝ፤ አፈረስሁት።»

«ማን?»

በአገጩ ወደ ኮረብታው አመለከተኝ። እዚያ ላይ ወታደሮች ሰፍረዋል። ወዲህኞቹ ልበላቸው። ከኮረብታው ማዶ፣ ወሰን በሚሉት በኩል፣ ሌሎች ሰፍረዋል፤ እነሱን ወዲያኞቹ ልበላቸው። ስማቸውን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ለማሽላው ሁለቱም አንድ ስለሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዲያኞቹ ሰው የማይሳፈርባት ትንሽ ቃኚ አውሮፕላን ይልካሉ። ቦምብ የላትም፤ ዓይን ብቻ ናት፤ ጥዝዝ እያለች ታያለች፣ ታነሣለች፣ ትመለሳለች። የመንደሩ ሰው ጥንዚዛ ይላታል። ታዲያ ጥንዚዛዋ ካነሣችው ሥዕል ላይ የገበሬውን ማማ አይተው «ወታደራዊ ማማ ሠራችሁ፣ የጦር ዝግጅት ነው» ብለው ከሰሱ። ወዲህኞቹ ደግሞ ውሸት ነው ብለው በመመለስ ፈንታ ማማውን በሙሉ አስፈረሱ። ወንጭፍ የያዘ ሰው ከላይ ሲታይ የጦር መሣሪያ የያዘ ይመስላል፤ ጅራፍም ሲጮህ ተኩስ ይመስላል ተብሎ ሁለቱም ተከለከሉ።

«ወዲያ ማዶስ?» አልሁ።

የመለሰልኝ ጎረቤታችን ሼህ ሰይድ ነው። ሰባ የዘለለ ሽማግሌ ነው፤ አንዲት ልጁ ወዲያ ማዶ ነው የተዳረችው። «እዛም እንዲሁ ነው ልጄ። የኛዎቹም ጥንዚዛ አላቸው። የልጄ ባል ማማውን ካፈረሰ ወሩ። አጃኢብ ነው! ወፉ ብቻ ነው የፈለገበት የሚበላ።»

ማሳው ውስጥ ገብቼ ዛላውን አየሁ። ዳር ዳሩ ተበልቷል፤ መካከሉ ገና ነው። አያ ሞላ የተመረጡ ዛላዎች ላይ ቀይ ክር አስሯል፤ ለዘር ናቸው። አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ሲጫነው ነጭ ወተት ወጣ።

«ሁለት ሳምንት» አለ። «ሁለት ሳምንት ቢተዉኝ ይጠነክራል።»

ያኔ ማዳበሪያዬን ዘረገፍሁ። ዘነቡ ሲዲዎቹን አይታ በሳቅ ፈረሰች። ከሰዓት በኋላውን ሦስታችን በክር እየሰቀልን አሳለፍነው። ፀሐይ ስታርፍበት ማሳው ሁሉ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ግሪሳው መጣ፣ ዞረ፣ ዞረ፣ ሳያርፍ ሄደ! አያ ሞላ ጭብጨባ የማያውቅ ሰው ነው፤ አጨበጨበ። «የስንት ሰው ሠርግ ነው አንች ልጅ ይዘሽ የመጣሽው!» አለኝ። እራት ላይ የተቀቀለ የበቆሎ እሸት፣ ከአፋሮች የተገዛ የግመል ወተት አቀረቡልኝ፤ የቤቱን አንድ ፍራሽም ለእኔ ሰጥተው እነሱ ቁርበት ላይ ተኙ። ብለምን፣ ብቆጣ አልሰማ አሉኝ።

ሐሙስ

እስከ ረፋዱ አንድ ወፍ አላረፈም። አያ ሞላ በማሳው ውስጥ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እንደ ባለርስት ሲንጎራደድ አየሁት።

ከዚያ ጥዝዝታው መጣ። መጀመሪያ ንብ መሰለኝ። ዘነቡ ክንዴን ይዛ ወደ ግራሩ ሥር ጎተተችኝ። ሩቅ የነበረችው ነገር ዝቅ አለች፤ ከዚያም በጣም ዝቅ አለች። ያለ ወትሮዋ ነው አሉ። ለምን እንደሆነ እኔም ወዲያው ገባኝ፤ የሚያብረቀርቀውን ለማየት ነው። የኔን ሲዲ ለማየት ነው የመጣችው!

ዝቅ ስትል ከኮረብታው ተኮሱባት። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ዝም ብሎ ዝናብ ሆነ። ወዲያኞቹ ደግሞ ለምን በቃኚያችን ላይ ተኮሳችሁ ብለው ነው መሰለኝ ከማዶ መለሱ። እኛ በመካከል ነን። ከላያችን ያልፋል፤ ማሽላው ውስጥ ይገባል፤ አገዳው ጧ ይላል። ዘነቡ እመብርሃንን ትጠራለች። ሼህ ሰይድ ከወዲያ ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላል። እኔ? እኔ የስድብ ዓይነት ሁሉ ነው ያወረድሁት። መጸለይ ሲገባኝ ተሳደብሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ግን አሁንም ቢሆን አልጸጸትም።

ብዙ አልቆየም። ጥንዚዛዋ ሳትመታ ተመለሰች። ያን ሁሉ ጥይት ተኩሰው ያባረሩት ግሪሳውን ብቻ ነው። ሁለት ጦር ተባብሮ የሠራልን ሥራ ይኼው ነው። ሰው አልተጎዳም። አያ ሞላ ማሳው መካከል ተኝቶ ነበር፤ ልብሱን አራግፎ ተነሣና መጀመሪያ ያደረገው ቀይ ክር ያለባቸውን ዛላዎች መቁጠር ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ መቶ አለቃ ከጥቂት ወታደሮች ጋር መጣ። ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነው።

«የሚያብረቀርቀውን የሰቀለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ አያ ሞላ።

«እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልሁ። «ከደሴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለወፍ ነው።»

አንዱን አውርዶ አገላበጠው። በእስክሪብቶ የሙሽሮቹ ስም ተጽፎበታል። ለጥንዚዛዋ ምልክት ስጪ ብሎ የላከኝ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም የላከኝ ግሪሳ ነው አልሁት። ዘነቡ ቆነጠጠችኝ። መቶ አለቃው ግን አልተቆጣም፤ ከመቆጣት የባሰ ነገር ተናገረ።

«ከዚህ እስከ ኮረብታው ያለው ማሽላ ይቆረጥ። ሰው ይደብቃል፤ እይታም ይጋርዳል። እስከ ቅዳሜ ማታ።»

አያ ሞላ ወደ ማሳው ገባና አንድ ዛላ ጎንበስ አድርጎ አመጣለት። «እስኪ ተጫነው» አለው።

መቶ አለቃው ፍሬውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ተጫነው። ልክ እንደ ገበሬ ነው የተጫነው፤ አስተምሩኝ ሳይል። ወተቱ ጣቱ ላይ ፈሰሰ።

«አልደረሰም» አለው አያ ሞላ። «የዘር ነው። ሁለት ሳምንት ብቻ።»

«አውቃለሁ» አለ መቶ አለቃው። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አባቴም ገበሬ ነው። ትእዛዝ ነው፣ አባባ።»

ባያውቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የማያውቅ ሰው ይነገረዋል፣ ይለመናል። የሚያውቀውን ምን ታደርጉታላችሁ?

ዓርብ

ከአያ ሞላ ጋር ቆቦ ሄድን። አንዱ ቢሮ ጉዳዩ የጸጥታ ነው አለን። የጸጥታው ደግሞ የመከላከያ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም አለን። በሦስተኛው ቢሮ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በር ላይ ቆመን ሳለ አንድ ጸሐፊ ወጥቶ «እናት፣ ማመልከቻ ጽፋችኋል?» አለኝ። ጽፈን ሰጠነው። ሰኞ ኑ አለን። ማሽላው ቅዳሜ እንደሚቆረጥ ብነግረው «እሱማ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። እሱማ! ሰው እንዴት እሱማ ብሎ ይገባል?

ስንመለስ አያ ሞላን «ጥፋቱ የኔ ነው። ሲዲውን ባላመጣ ኖሮ ዝቅ አትልም ነበር» አልሁት። ቆም አለና ትከሻዬን ያዘኝ።

«እታለም፣ እኔ ማማ ሠራሁ፤ ጥፋት ሆነ። አንች ሲዲ ሰቀልሽ፤ ጥፋት ሆነ። ነገ ባርኔጣ ባደርግም ጥፋት ነው። ተይው፤ ያንች አይደለም።»

አላመንሁትም። አሁንም ግማሹን ብቻ ነው የማምነው።

ቅዳሜ

ወትሮ ለአጨዳ ደቦ ይጠራል፤ መንደሩ አንድ ላይ ይወጣል፣ ይዘፈናል፣ ጠላ ይቀዳል። አሁን ሰው መሰብሰብ አይቻልም፤ የተሰበሰበ ሰው ከላይ ሲታይ ጦር ይመስላል። ስለዚህ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ መጡ። አንዱ ማጭዱን ከጋቢው ሥር ይዞ በጠዋት ገባ፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ከሌላ በኩል መጣ። ሼህ ሰይድ ራሱ የታዘዘ ማሳ እያለበት ለእኛ ቅድሚያ ሰጥቶ መጣ። እየተራራቁ፣ ሳይዘፍኑ፣ ሳያወሩ አጨዱ። ዝም ያለ ደቦ በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አገዳው ከብት ይበላዋል። ፍሬው ግን ገና ወተት ነው፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ዱቄት አይወጣውም። አያ ሞላ ቀይ ክር ያለባቸውን ዛላዎች ለብቻ ሰበሰበ፤ በዘነቡ ነጠላ ጠቀለላቸውና ሰጠኝ።

«ደሴ ወስደሽ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጊያቸው። ከበቀሉ ዘር ናቸው። እዚህ እኔ ማየት አልፈልግም» አለኝ።

ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የአባታችን ቀብር ላይ እንኳ አላለቀሰም። አጠገቡ ቆሜ ወደ ኮረብታው እያየሁ ጥርሴን ነከስሁ።

ማሳው ሲራቆት ኮረብታው ቁልጭ ብሎ ታየ። እነሱም እኛን ቁልጭ አድርገው አዩን።

እሑድ

ዘነቡ ለመንገድ ቂጣ ጋግራ፣ ሼህ ሰይድ ዱዓ አድርጎ ሸኙኝ። ጎብዬ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ያችን ባለ ሻይ ቤት ፈልጌ አገኘኋት፤ ነጠላውን ፈትቼ ዛላዎቹን አሳየኋት። አንዱን ፍሬ በጥፍሯ ተጫነች። ሻይ ቀዳችልኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወዲህኞቹ የጠላትን ቃኚ በአኩሪ ሁኔታ መልሰናል አሉ። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ስልኩ ላይ ወዲያኞቹ ያወጡትን መግለጫ አነበበልን፤ እነሱም ትንኮሳውን አክሽፈናል ብለዋል። በሁለቱም መግለጫ ላይ አንድ ቃል አንድ ዓይነት ነበር። የደረሰ ጉዳት የለም።

«ውሸታም!» ብዬ ጮህሁ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ለማን እንደጮህሁ ጠየቀኝ፤ ለሁለቱም አልሁት።

ደሴ በጉሟ ተቀበለችኝ። በማግስቱ ከየዛላው ፍሬ ወስጄ ሰፋ ባለ ሰሐን፣ እርጥብ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁ፤ በብርዱ እንዳይሞትብኝ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጥሁት። አያ ሞላ በየቀኑ ይደውላል። ስለ ጤና አይጠይቀኝም፤ «በቀለ?» ብቻ ነው የሚለው። ገና ነው እላለሁ። አብዛኛው ሻገተ፤ እየለቀምሁ ጣልሁ። ትናንት ጠዋት ጨርቁን ስገልጠው ሦስቱ ነጭ ጫፍ አውጥተዋል። ሦስት።

ደወልሁለት። ሦስት በቅለዋል አልሁት።

«ሦስት ከሆነ ሦስት ነው» አለ። «እዛው አንች ዘንድ ትከያቸው፣ እታለም። እዛ ጉም አለ፤ አያዩዋቸውም።»

እሺ አልሁት። ያላልሁት ግን እሱም እኔም የምናውቀውን ነው። ጅጉርቲ የደሴን ጉም አይችልም። ለመብሰል ያንን ጠርዝ የሌለውን የቆቦን ሰማይ ይፈልጋል።

ወዲህኞችም ወዲያኞችም፣ ሰማዩን ልቀቁለት።